ከጋለ ብረት ወደ ሳሙና፦ የውሻ ንክሻ ቁስል አጭር ታሪክ

የቤታችሁ ቡችላ ስትጫወት ጣታችሁን ነከስ አደረገቻችሁ እንበል። ደሙ ጠብ ብሎ ቆመ፤ ጥርሷ የተወው ምልክት ከመርፌ ቀዳዳ አይበልጥም። ብዙዎቻችን በሶፍት ጠረግ አድርገን እንረሳዋለን። ከ200 ዓመት በፊት አውሮፓ ውስጥ ብትነከሱ፣ ውሻዋም አብዳለች ተብሎ ቢጠረጠር ግን ጎረቤቶቻችሁ ብረት ያግሉላችሁ ነበር።

ቁስልን መተኮስ በጣም የቆየ ሕክምና ነው። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ ሴልሰስ፣ የእብድ ውሻ መርዝ በዋግምት ተስቦ እንዲወጣና ቁስሉ እንዲተኮስ መክሯል። ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም። ሰዎቹ ቫይረስ የሚባል ነገር ባያውቁም፣ ከውሻው ምራቅ ጋር አንድ ክፉ ነገር በቁስሉ በኩል እንደሚገባና ሳይሰራጭ እዚያው መጥፋት እንዳለበት ገብቷቸዋል። የጎደላቸው ሰውነትን ሳያቃጥል ይህን የሚያደርግ ነገር ነው።

ሉዊ ፓስተር ገና ልጅ ሳለ፣ በ1831 (እ.ኤ.አ.)፣ በሚኖርበት በአርብዋ ከተማ አካባቢ ያበደ ተኩላ ሰዎችን ነክሶ ነበር። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች እንደሚሉት፣ ቁስለኞቹ አንጥረኛ ቤት ተወስደው በጋለ ብረት ሲተኮሱ ያየውን አልረሳውም። ከ54 ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1885 (እ.ኤ.አ.)፣ ጆሴፍ ማይስተር የተባለ የ9 ዓመት ልጅ ከአልዛስ ፓሪስ ድረስ መጣለት። ያበደ ውሻ ብዙ ቦታ ነክሶታል። የአካባቢው ሐኪም ቁስሉን በካርቦሊክ አሲድ ተኩሶለት ነበር፤ ግን ከተነከሰ ብዙ ሰዓት አልፎ ነበር። ፓስተር ከደረቀ የጥንቸል ሕብለ ሰረሰር የተዘጋጀ ክትባት በሐኪም እጅ 13 ጊዜ አስወጋው። ልጁ ተረፈ፤ አድጎም የፓስተር ኢንስቲትዩት ጠባቂ ሆኖ ሠራ።

ከዚያ ወዲህ ዝናው ሁሉ የመርፌው ሆነ። ቁስሉ ላይ ግን ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት አሲድ መጨመራቸውን ቀጠሉ። በ1943 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ የተደረገ ጥናት፣ ቁስልን በሳሙና ውኃ በደንብ ማጠብ ከናይትሪክ አሲድ የማያንስ ጥቅም እንዳለው አሳየ። ምክንያቱም ቀላል ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በስብ ሽፋን የተጠቀለለ ነው፤ ሳሙና ደግሞ ስብ ያሟሟል። ሽፋኑ ከፈረሰ ቫይረሱ አለቀለት። ውኃውም የቀረውን ጠራርጎ ያወጣዋል።

ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ከገባ ወደ አንጎል የሚጓዘው ቀስ ብሎ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጅበታል። ክትባት የሚሠራውም በዚህ ፋታ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

በአገራችንም ጉዳዩ አዲስ አይደለም። በ1903 (እ.ኤ.አ.) ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ ወረርሽኝ እንደነበር ተመዝግቧል። ማይስተር ከታከመ 18 ዓመት ቢሆነውም፣ እዚህ ሰው የሚታመነው በሥራ ሥርና በቅጠል ነበር። በኋላ ከእንስሳት አንጎል የሚዘጋጀው ክትባት ሲመጣ ደግሞ፣ ሆድ ላይ በየቀኑ ለ14 ቀን መወጋት ግድ ሆነ። ያን መርፌ ፈርቶ ንክሻውን የደበቀ ስንቱ ነው! ዘመናዊው ክትባት እኮ ክንድ ላይ 4 ወይም 5 ጊዜ የሚወጋ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለእናንተ የሚቀረው ይሄ ነው። ከተነከሳችሁ፣ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም፣ ወዲያው በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡት። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት ያዙ። ከዚያ አዮዲን ካለ ቀቡት። ቡናም ቅቤም አታድርጉበት። በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የቴታነሱም ነገር እዚያው ይታያል። ውሻው የታወቀ ከሆነ ለ10 ቀን ታስሮ ይታይ፤ አትግደሉት። «እስኪ ውሻውን እንየው» ብላችሁ ግን ሐኪም ያዘዘውን ክትባት አታዘግዩ። ውሻው ቡችላ መሆኑም ዋስትና አይደለም፤ ቡችላም በበሽታው ይያዛል።

የተነከሰችው ራሷ ትንሿ ውሻችሁ ከሆነችስ? ጓንት አድርጉ፤ ፀጉሯ ላይ የነከሳት ውሻ ምራቅ ሊኖር ይችላል። በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ፀጉር ቆርጣችሁ በንጹሕ ውኃ እጠቡላት። የውሻ ቆዳ ልል ስለሆነ ከላይ ነጥብ የምታህል ቀዳዳ ከሥር የተቀደደ ሥጋ ልትደብቅ ትችላለች፤ ስለዚህ የእንስሳት ሐኪም ይያት። የሰው ማስታገሻ አትስጧት፤ ሊመርዛት ይችላል። ከዚህ በፊት ተከትባ ከሆነም ክትባቷ ይታደስ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዚህ በሽታ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው ይሞታል፤ ከ10 ሟቾች 4ቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ልጅ ደግሞ ውሻ እንደነካካ ከታወቀ እንዳይገረፍ ፈርቶ ዝም ይላል። ስለዚህ ልጆቻችሁን ዛሬውኑ አስቀምጣችሁ፣ ውሻ ከነከሳቸው ወይም ከቧጨራቸው ማንም እንደማይቆጣቸውና ወዲያው መናገር እንዳለባቸው ንገሯቸው።