ፊደልና መኪና

አጎቴ የጽሕፈት መኪና ነበራቸው። ኦሊቬቲ ነበረች። በእሷ ማመልከቻ፣ ውልና ኑዛዜ እየጻፉ ልጆቻቸውን ያሳድጉ ነበር። ሙግት ያለበት፣ ዕድገት የተከለከለ፣ ልጁ የጠፋበት ሁሉ ደጃቸውን ይጠናል። እኔ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርሁ፤ መስመር ባለቀ ቁጥር የምታሰማውን የቃጭል ድምፅ ለመስማት ከጎናቸው አልጠፋም ነበር።

በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ ተጀመረ። የሚታሰሰው ጠመንጃ ብቻ አልነበረም፤ የጽሕፈት መኪናና የማባዣ መኪናም ጭምር ነበር። አጎቴ በዚያው ሰሞን አንድ ሌሊት ኦሊቬቲዋን በጆንያ ጠቅልለው ከጓሮው መጸዳጃ ጉድጓድ ከተቷት። በነጋታው ቤቱ ጭር አለ። ቃጭሏም፣ ባለጉዳዩም፣ የዳቦው ገንዘብም አብረው ቀሩ።

ለመሆኑ ማመልከቻ ጻፊ የሆነ ሰው ምን አስፈራው? በዚያ ዘመን እንደ ኢሕአፓው «ዴሞክራሲያ» ያሉ የኅቡዕ ጽሑፎች በስቴንስል እየተመቱ ይባዙ ነበር። የጽሕፈት መኪና ደግሞ እንደ ሰው የጣት አሻራ አላት። የአጎቴ መኪና «ረ»ን ስትመታ ወደ ግራ ታዘነብል ነበር። አንድ የተበተነ ወረቀት ላይ ያዘነበለ «ረ» ቢገኝስ? እኔ አይደለሁም ብሎ ማን ያስረዳል? አጎቴ አንድም የፖለቲካ ወረቀት መትተው አያውቁም። የጣሏት ባልሠሩት ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ፊደላችንና ስለ መኪና የሚያወሳ ነገር ሳገኝ አልፌ መሄድ አልችልም። ባነበብሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል። መኪናው ነው ለፊደሉ የሚገዛው ወይስ ፊደሉ ለመኪናው?

በፊደላችን የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ ዳዊት ነው፤ ቦታው ሮም፣ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1513። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ሰው ሲሆን፣ በሮም የነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሲጸልዩ ሰምቶ በቋንቋው ተማረከ። ከእነርሱም ተማረ። የቋንቋውን ስም ግን ተሳስቶ «ከለዳዊ» አለው። ስሙን ቢስትም ፊደሉን አልቀነሰም። እርሳስ እየቀለጠ ሆሄ ይሆናልና፣ ለለቃሚው የሚያስፈልገው ሰፋ ያለ ሣጥን ብቻ ነው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ ቋና እነ ሟ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያም ይበልጣሉ። ሣጥኑ ቢሰፋ ማን ይጎዳል?

ጭንቁ የመጣው ከጽሕፈት መኪና ጋር ነው። ለላቲን ፊደል የተሠራች መኪና አርባ ምናምን ቁልፍ ነው ያላት። እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ምልክት ቢይዝ እንኳ መቶ አይሞላም። ይህን እንቆቅልሽ ለመፍታት የተነሡት ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው፤ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲነሣ ስማቸው የሚነሣውም ስለዚህ ነው። መፍትሔው ፊደሉን መበታተን ሆነ። ግዕዙ ለብቻ ይመታል፤ ሰረዙ፣ ቀለበቱ፣ እግሩ ደግሞ ለብቻ ይለጠፍበታል። «ሉ» ማለት «ለ» እና አንዲት ሰረዝ ናት። ትልቅ ብልሃት ነበር፤ በዚህ ብልሃት የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሁሉ አማርኛ ለመናገር በቃ። ነገር ግን የዚያን ዘመን ደብዳቤ ያየ ሰው ያስታውሳል፤ ቀለበቱ ከፊደሉ ተለይቶ ይንሳፈፋል፣ ሰረዙ ከጎን ይቀራል። የቁም ጸሐፊ ቢያየው ፊደሉ አካሉን ተቆርጦ የመጣ ይመስለዋል።

ፊደል ይቀነስ የሚለው ክርክር ሌላም ምክንያት ነበረው። ሦስቱ «ሀ» ለምን? ሁለቱ «ሰ» ለምን? መኪናው ግን ለክርክሩ ጉልበት ጨመረለት። አንዱ ወገን «ዘመኑ አይጠብቀንም» ይላል። ሌላው ወገን «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣ ማለት ነው፣ «ሰረቀ» ግን ሌብነት ነው፤ ፀሐይዋን ሌባ አታድርጉብን ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔን የሚገርመኝ ግን ቁልፍ ሲያንስ መኪናው ይስፋ ያለው ሰው ጥቂት፣ ፊደሉ ይጥበብ ያለው ብዙ መሆኑ ነው።

ኮምፒዩተር ሲመጣም ታሪኩ ራሱን ደገመ። ውጭ አገር የሚኖር ወንድሜ በኢሜይል አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፍልኝ ጀመር። አንድ ቀን የእኅታችን ባል ነገር ተነሥቶ፣ ከጻፈው ውስጥ አንዲት ቃል ቤተሰቡን አስጨነቀች። «መጣ» ናት ወይስ «መታ»? በላቲን ሁለቱም አንድ ናቸው። ባልየው ከመንገድ በመጣ፣ ሽማግሌ ሊላክበት ምንም አልቀረውም ነበር። እዚህ አገር ቤት ደግሞ የአማርኛ ሶፍትዌር በየአቅጣጫው ተሠራ። ሁሉም በራሱ ቁጥር ፊደሉን ስለሰየመ፣ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት የባቢሎን ቋንቋ ይሆናል።

መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ1999 መጣ። የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ መዝገብ የሚይዘው ዩኒኮድ በሦስተኛ እትሙ የእኛን ፊደል አካተተ፤ እያንዳንዱ ሆሄ ከነእግሩ፣ ከነቀለበቱ የራሱን ቁጥር አገኘ። ሦስቱም «ሀ»፣ ሁለቱም «ሰ» ገቡ። ከጽሕፈት መኪና ዘመን ወዲህ መኪናው ለፊደሉ ተገዛ። ዛሬ በስልክ የሚጻፍ አማርኛ ሁሉ ያን መዝገብ ተከትሎ ይሄዳል።

ታዲያ ፊደሉ ነፃ ከወጣ ጸሐፊውም ነፃ ወጣ? በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንላለን፤ ግን መጻፍ ባይፈቀድስ? በጥቅምት 1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቅድመ ምርመራን አነሣ። ጋዜጣና መጽሔቱ እንደ እንጉዳይ ፈላ፤ ብዙ ሳይቆይም ከጋዜጠኞቹ ብዙዎቹ የፍርድ ቤትንና የእስር ቤትን ደጅ ረገጡ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የስልክ አጭር መልእክት ተዘግቶ እስከ 2000 መግቢያ ቆየ። በሰኔ 2011 እና በሰኔ 2012 ኢንተርኔት አገር አቀፍ በሆነ ሁኔታ ተቋረጠ። በትግራይ ደግሞ ጦርነቱ ከጀመረበት ከጥቅምት 2013 አንሥቶ ስልክም ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ፣ እናት የልጇን ደኅንነት ሳታውቅ ከረመች።

እነሆ ልዩነቱ። በ1969 መኪናን ዝም ለማሰኘት ቤት ለቤት መዞር ያስፈልግ ነበር። በኋላ ግን ማንም በር ሳይንኳኳ የሚሊዮኖች መኪና በአንድ ሰዓት ዝም አለች። እርግጥ እኛም ንጹሐን አይደለንም። አጎቴ አንድ ማመልከቻ ለመምታት ሦስት ጊዜ ያነቡ ነበር፤ እኛ በአንድ ጣት የሰው ስም እናጠፋለን፣ ጎሣን በጎሣ ላይ እናነሣሣለን። የዚህ መድኃኒቱ ግን የሁሉን አፍ በአንድነት መክደን አይመስለኝም። ክፉ የጻፈ ስሙ ተጠርቶ በሕግ ይጠየቅ እንጂ፣ ልጇን የምትፈልገው እናት ስለምን አብራ ትቀጣለች?

አጎቴ አርጅተዋል። ባለፈው ሰሞን ስልኬን ሰጥቻቸው ስማቸውን እንዲጽፉ አሳየኋቸው። በመነጽራቸው ሥር ቀረብ አድርገው አዩት። «ቀለበቱ ተገጠመ» አሉ፣ እየሳቁ። «ረ»ንም ፈልገው መቷት፤ ቀጥ ብላ ቆመች። ጥቂት ዝም ብለው፣

«አንተ ልጅ» አሉኝ፤ «ይቺኛዋ አሻራ የላትም?»

«አላት፣ ጋሼ» አልኋቸው። «ማን፣ መቼ፣ የት ሆኖ እንደጻፈ ሁሉ ትመዘግባለች።»

ስልኩን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያም በመስኮቱ ወደ ጓሮው ተመለከቱ፤ ጉድጓዱ ከተደፈነ ብዙ ዘመን ሆኖታል።