ከደወል በኋላ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ጆሯችሁንም ስጡኝ። የምተርክላችሁ ደወል ከተደወለ፣ ደብተርም ከታጠፈ በኋላ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ስለሚሆነው ነው። የአገራችን ቴአትር በእግሩ የቆመው እዚያ ነው፤ ከዘፈናችንም ብዙው እዚያ ተጀምሯል። ከጥንቱ ልነሣ።

ዘመኑ 1913 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሩሲያ ተምረው የተመለሱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እንስሳትን እያናገሩ አንድ ተውኔት ጻፉ። «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ይባላል። አዲስ አበባ ውስጥ መኳንንቱ ተሰብስበው አዩት። አውሬዎቹ የሚያወሩት ስለ ሹመትና ስለ አስተዳደር ነበርና ነገሩ አላማረም፤ በንግሥት ዘውዲቱ ትእዛዝ ታገደ። ቴአትር ገና ዓይኑን ሳይገልጥ አፉ ተለጎመ ማለት ነው። እንደገና ሲናገር ታዲያ የተናገረው በተማሪዎች አፍ ነው።

አንድ የቅኔ ሰው ነበሩ። አገራቸው ጎጃም፣ ደብረ ኤልያስ፤ ስማቸው ዮፍታሔ ንጉሤ፤ ማዕረጋቸው ቀኝ ጌታ። ቅኔያቸውን ተምረው አዲስ አበባ ገቡ። በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ኋላም የቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኑ። እንዲህ ያለ ሰው የዘመናዊ ትምህርት ቤት መምህር ሲሆን ምን ይሆናል? የቅኔ ቤቱ ልማድ አብሮት ክፍል ይገባል። ቅኔ ቤት እኮ የተቆጠረው ቅኔ በጉባኤ ይነገራል፤ መምህሩ ያርማል፣ ጓደኛ ያዳምጣል፣ ተማሪውም ሰው ፊት ቆሞ ድምፁ እንዳይርድ ከልጅነቱ ይለምዳል። ዮፍታሔ ተውኔቶቻቸውን በግጥም ጻፉ፤ ዜማም ጨመሩባቸው። ተዋናዮቹ ተማሪዎቻቸው ነበሩ። ያኔ ሴት መድረክ ላይ አትወጣምና የሴቷን ቦታ ወንድ ልጅ ነበር የሚጫወተው። በዚያው ዘመን በዚያው በምኒልክ ትምህርት ቤት መላኩ በጎሰውም እንዲሁ ተውኔት ይጽፉ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ቴአትር ቤት የሚባል ነገር በሌለበት ከተማ ተውኔት የሚያይ ሰው የሚሄደው ወደ ትምህርት ቤት ነበር። አገር ፍቅር የተቋቋመው ገና በ1927 ዓ.ም. ነው።

የሙዚቃውም ነገር ከልጆች አይርቅም። በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ፣ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች አዲስ አበባ ደረሱ። አባትና እናታቸውን በአርመኖች እልቂት ያጡ ናቸው፤ ኢየሩሳሌም ያሉ አርመኖች ነበሩ የሚያሳድጓቸው። ከነሐስ መሣሪያዎቻቸው ጋር የሙዚቃ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን አብረው መጡ። «አርባ ልጆች» የሚለው ከዚያ ወዲህ ስማቸው ሆኖ ቀረ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ የተሰማው ብሔራዊ መዝሙር ዜማው የኬቮርክ፣ ግጥሙ የዮፍታሔ ነው። ሁለቱም አስተማሪዎች ነበሩ። አገር ቆሞ የሚሰማውን መዝሙር ሁለት አስተማሪዎች ሠሩት፤ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ከዚያ የጣሊያን ጦርነት መጣ። ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሰው «አፋጀሽኝ»ን ለመድረክ አበቁ። እኔ ግን አሁን ወደ አንዲት ሴት ልውሰዳችሁ።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ የተወለዱት አዲስ ዓለም፣ የተማሩት አውሮፓ፣ ስዊዘርላንድ ጭምር። ጠላት ሲገባ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ፤ ተያዙና ወደ ጣሊያን አገር፣ ወደ አዚናራ ደሴት ተጋዙ። ከነጻነት በኋላ ደሴ፣ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤትን መሩ፤ ከዚያም አዲስ አበባ የእቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኑ። ከእስር የወጣች ሴት፣ የስንት ሰው ሞት በዓይኗ ያየች፣ ወጣት ሴቶች ሲሰጧት ምን አደረገች? ተውኔት ጻፈችላቸው። የአርበኝነቱን ዘመን፣ የባንዳውን ክህደት፣ የእናትን ለቅሶ በልጃገረዶቹ አፍ አናገረችው። ከእነዚያ ተውኔቶችና ግጥሞች የተወሰኑት በ1942 ዓ.ም. በወጣው «የልቤ መጽሐፍ» ውስጥ ይገኛሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። ከተማው መድረክ ላይ ገና ወንድ ነጠላ ተከናንቦ ሴት ይሆን በነበረበት ጊዜ፣ በእቴጌ መነን ግቢ ሴት ልጅ በገዛ ድምፅዋ ስለ አገሯ ትናገር ነበር። ከተመልካቹ መካከል አባት ይኖራል፣ ወንድም ይኖራል፤ ልጃቸው ቀና ብላ፣ ከፍ ባለ ድምፅ ስትናገር ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙ። ወይዘሮ ስንዱ ራሳቸው በ1950 ዓ.ም. ተመርጠው ፓርላማ ገቡ፤ የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ። ልጃገረዶቹን ሰው ፊት መቆም ያስተማሩት ሴት፣ እሳቸውም ሰው ፊት ቆሙ።

አሁን ወደ ወሊሶ እንውረድ። ራስ ጎበና ትምህርት ቤት አንድ ልጅ አለ፤ ከአያቱ ጋር ይኖራል። ልጁ ያንጎራጉራል። አያት «ትምህርትህን ያዝ» ይላሉ፤ የአያት ነገር ነውና አይፈረድባቸውም። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ግን ሚስተር ሸዳድ የሚባሉ የሱዳን ሰው ነበሩ። እኚህ ሰው የልጁን ድምፅ ሰሙ፤ አልከለከሉትም፤ እንዲያውም ለሙዚቃ አዲስ አበባ ሂድ አሉት። በመሐል የአገር ፍቅር ከያንያን ወሊሶ መጥተው እዚያው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ዝግጅታቸውን አሳዩ፤ ወይዘሮ ንጋቷ ከልካይ ነበሩ፣ ኢዮኤል ዮሐንስ ነበሩ። ልጁ ኢዮኤልን ተጠግቶ የልቡን ነገራቸው። እሳቸውም መንገዱ አዲስ አበባ ነው አሉት።

ወዲያው ተነሣ። በእግሩ! ቱሉ ቦሎ ደርሶ ዘመድ ቤት አደረ። አያት ልጁ ከትምህርት ቤት መጥፋቱን ሰምተው ያፈላልጉት ነበርና እዚያው ተገኘ፤ ተይዞም ወደ ወሊሶ ተመለሰ። አንድ ሌሊት ብቻ አደረ። በማግሥቱ ዕቃ በጫነ መኪና ላይ ተደብቆ አዲስ አበባ ገባ፤ አገር ፍቅርም ተቀጠረ። ኋላ ክቡር ዘበኛ ወሰደው። ልጁ ጥላሁን ገሠሠ ነው። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ አገር ምን ያህል እንዳለቀሰ የማያስታውስ የለም። የዚያን ቀን ስለ ዘፈኖቹ ብዙ ተባለ። እኔ ደግሞ ጥላሁን በተነሣ ቁጥር የሚስተር ሸዳድም ስም አብሮ እንዲነሣ እወዳለሁ። ዳይሬክተር ነበሩ፤ ልጁን ክፍል ውስጥ መቅጣት፣ አያቱን ማስጠራት ይችሉ ነበር።

ሙላቱ አስታጥቄም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጅ ነው ብላችሁ ያዙልኝ። ጅማ ተወለደ፤ ቤተሰቡ መሐንዲስ እንዲሆን ብለው ወደ ዌልስ፣ ሊንዲስፋርን ኮሌጅ ወደሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት ላኩት። እዚያ ሙዚቃ እንደ ሒሳቡና እንደ ፊዚክሱ ከሌላው ትምህርት እኩል ይሰጥ ነበር። ሙዚቃውን ቀመሰ፤ ምህንድስናው ቀረ። ከዚያ ለንደን ትሪኒቲ፣ ከዚያ ቦስተን በርክሊ፣ ከዚያ ኢትዮ ጃዝ። መሣሪያው እጁ ባይገባ፣ ሰዓቱ ባይመደብለት፣ ተሰጥኦው የት ይታወቅ ነበር?

ዛሬስ? ዛሬ በብዙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ነገሩ ያለው በክበብ ትከሻ ላይ ነው፤ የኪነ ጥበብ ክበብ፣ የሙዚቃ ክበብ፣ ሚኒ ሚዲያ። የጠዋቱ ሰልፍ ሲበተን፣ በእረፍትም ሰዓት፣ ከአስተዳደሩ ጣሪያ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ግጥም የሚያነበው ልጅ፣ የጤና ምክርን በአጭር ጭውውት የምታቀርበው ልጅ፣ እነሱ ናቸው። አንዱ ከቤቱ ክራር ያመጣል፤ ከበሮው ከሰንበት ትምህርት ቤት የለመደ እጅ ያገኛል፤ ኪቦርድ ያለው ትምህርት ቤት ዕድለኛ ነው። ለወላጆች ቀን ሲዘጋጁ ነጠላው ከእናት፣ ጋቢው ከአያት፣ ካፖርቱ ከጥበቃው ይለመናል።

የሚያስቸግራቸው ሰዓትና ቦታ ነው። ትምህርቱ በፈረቃ በሆነበት ግቢ የጠዋቱ ሳይወጣ የከሰዓቱ በር ላይ ይቆማል፤ ልምምድ በየት ይግባ? አዳራሹ ተከፍሎ ክፍል ሆኗል፤ ወይም የተሰበረ ወንበር ተከምሮበታል። የክበቡ ተጠሪ መምህር ደግሞ የሳምንቱን ክፍለ ጊዜ ሙሉ አስተምሮ፣ የደረቀ ጉሮሮውን ይዞ ነው የሚመጣው፤ አበልም የለው፣ ምስጋናም የለው። እንዲህም ሆኖ ይመጣል። ልጆቹን ከዛፍ ሥር ሰብስቦ አንዱን «ቃልህን አትዋጥ»፣ ሌላዋን «ለእኔ ሳይሆን ከኋላ ላለው ተናገሪ» ይላል። ሳምንቱ ሲገባደድ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄዶ ግቢው እንዲከፈትለት ይለምናል። ዳይሬክተሩ እሺ ካሉ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ልጆቹን ከነከበሯቸው በሩ ላይ ታገኟቸዋላችሁ፤ ዘበኛው ራሱ ገና አልደረሰም።