ዩሱፍ ዲኬች፤ እጁን ኪሱ ከትቶ ዓለምን ያነጋገረው ተኳሽ

ዐፄ ምኒልክ የዓድዋን ዘመቻ ሲያውጁ የሸዋ ጦር እስከ ጥቅምት 1888 ዓ.ም. እኩሌታ ወረኢሉ ላይ እንዲከት አዘው ነበር። የዚያ ደጋ ሰው ነፍጥንና ተኳሽን ሲያከብር ኖሯል። ድሉ በተገኘ በአምስተኛው ሳምንት አቴንስ ላይ የተከፈተው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ የሽጉጥ ውድድር ነበረው። ኢትዮጵያ ግን እስከ ዛሬ ያገኘቻቸው የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎች በሙሉ የአትሌቲክስ ናቸው። ብዙ ሰው የሽጉጥ ስፖርት መኖሩን ያወቀው ምናልባት እ.ኤ.አ. በ2024 በአንድ ፎቶግራፍ ሳይሆን አይቀርም።

በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው ዩሱፍ ዲኬች ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በደቡባዊ ቱርክ፣ ካህራማንማራሽ ክፍለ ሀገር ተወለደ። በአገሩ ጃንዳርማ ሠራዊት ባለሌላ ማዕረግተኛ ሆኖ ያገለገለ ሲሆን ስፖርቱን የጀመረው በ2001፣ ሃያ ስምንት ዓመት ሲሆነው ነው። ከቤጂንግ 2008 ጀምሮ አንድም ኦሊምፒክ አላመለጠውም። በአራቱ ግን ሜዳሊያ አልነበረም። ፓሪስ አምስተኛው ነበር።

ፓሪስም ላይ ቢሆን በግሉ 13ኛ ወጥቶ ለፍጻሜ ሳያልፍ ቀርቷል። ጁላይ 30 ቀን 2024 ግን ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በድብልቅ ቡድን ለፍጻሜ ቀርቦ በሰርቢያዎቹ ዞራና አሩኖቪችና ዳሚር ሚኬች 16 ለ 14 ተሸንፎ ብር አገኘ። ለቱርክ በተኩስ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ነው። ዕድሜው 51 ነበር።

ዝናው የመጣው ከአቋቋሙ ነው። ሌሎቹ አንድ ዓይን የሚከልል መሸፈኛና ልዩ ሌንስ ሲያደርጉ እሱ ተራ መነጽሩን አድርጎ፣ ግራ እጁን ኪሱ ከትቶ ተኮሰ። «ያለ ምንም መሣሪያ» የተባለው ግን ትክክል አይደለም፤ ጆሮው ውስጥ መድፈኛ ነበረው። መሸፈኛውን የተወው ሁለት ዓይኑን ገልጦ ስለሚተኩስ ነው። እጅን ኪስ መክተትም ኩራት አይደለም። ደንቡ በአንድ እጅ ብቻ መተኮስን ስለሚያዝ፣ ሥራ የፈታውን እጅ አንድ ቦታ ማሳረፍ ሰውነትን ያረጋጋል። በአሥር ሜትር ርቀት ያለው የኢላማው አሥር ነጥብ ስፋቱ 11.5 ሚሊ ሜትር፣ ከሸሚዝ ቁልፍ ብዙም የማይበልጥ ነውና ትንፋሽ እንኳ ያስታል።

ከቀናት በኋላ ስዊድናዊው አርማንድ ዱፕላንቲስ በምርኩዝ ዝላይ 6.25 ሜትር ዘሎ የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር ደስታውን የገለጸው ያንኑ አቋቋም በማስመሰል ነው።

በዚያው ሰሞን የታወቀችው ደቡብ ኮሪያዊቷ ኪም ዬጂም በአሥር ሜትር ብር አገኘች። በ25 ሜትር ግን አንዲት ጥይት ከተፈቀደው ጊዜ አሳልፋ በመተኮሷ ዜሮ ተመዘገበባትና ከማጣሪያው ወጣች። በባኩ የዓለም ዋንጫ ክብረ ወሰን የሰበረችው ከወራት ቀደም ብሎ በዚሁ በ25 ሜትር ነበር።