ጋን በጠጠር ይደገፋል፦ ስለ ሻኪሶ ጠላና ስለ ጠማቂዎቹ

አንደኛ ዓመት ገብተን ስንመዘገብ አንድ ቅጽ ሰጡን። ከስም፣ ከዕድሜና ከትውልድ ቦታ ቀጥሎ «የእናት ሥራ» የሚል መስመር ነበረበት። ብዕሬን እንደያዝኩ ትንሽ አመነታሁ። ግራና ቀኝ አየሁ። ከዚያ «የቤት እመቤት» ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ። ውሸት ነበር። እናቴ ሻኪሶ ከተማ ውስጥ ጠላ ጠማቂ ናት። የደብተሬም፣ የጫማዬም፣ ወደዚህ የመጣሁበት የአውቶቡስ ሒሳብም ከጋን የተቀዳ ነው።

ያን ጊዜ ነገሩን እንደ ቀላል ነገር ቆጠርኩት። በኋላ ግን የታሪክ ትምህርት ስንማር «ምንጭ» የሚባለውን ነገር ደጋግመው አስተማሩን፤ ማን ጻፈው? ለምን ጻፈው? ምን ደበቀ? እያልን እንድንጠይቅ። ታዲያ አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ይህን ሳስብ ያ ቅጽ ትዝ አለኝ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ ተመራማሪ መዝገብ ቤት ገብቶ ቅጼን ቢያገኘው ከሻኪሶ የመጣው ተማሪ እናት ሥራ አልነበራትም ብሎ ይጽፋል። የዋሸው ምንጭ እኔ ነኝ! ይህች ጽሑፍ እንግዲህ የዚያ መስመር እርማት ናት።

ጠላ ዕድሜው ረጅም ነው። በአራተኛው መቶ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በድንጋይ ካስቀረጻቸው ጽሑፎች አንዱ ስለ ስድስት የቤጃ አለቆች ይናገራል። ንጉሡ አለቆቹን ከነሕዝባቸው ከአገራቸው አንሥቶ ሲያሰፍራቸው በመንገድ ላይ ያበላቸውንና ያጠጣቸውን ይዘረዝራል። ከዝርዝሩ ውስጥ ከዳቦውና ከከብቱ ጋር የእህል ጠላና ወይን አለ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1769 ወደ አገራችን የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ ጤፍ ሲጽፍ ከጤፍ ቂጣ የሚጠመቀውን መጠጥ አሠራር አብሮ መዝግቧል፤ ቂጣው በደንብ ይጠበሳል፣ ተቆራርሶ በትልቅ እንስራ ውስጥ ይገባል፣ ውሃ ይፈስበታል፣ ተከድኖ ለቀናት ይቆያል። እናቴ ብሩስን አታውቀውም። እሱ የጻፈውን ግን በየሳምንቱ ትሠራዋለች።

ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም። የዛሬ አራት ሺህ ዓመት ገደማ በሜሶጶጣሚያ የኖሩት ሱመሮች ኒንካሲ የምትባል የጠላ አምላክ ነበረቻቸው፤ ሴት ናት። ለእሷ በተደረሰው መዝሙር ውስጥ ስለ ብቅልና ከእህል ስለሚጋገር የጠላ ቂጣ ተነግሯል። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ ጠማቂዋን አምላክ አድርገው አመሰገኗት። እኛ ደግሞ በቅጽ ላይ ስሟን እናፍራለን።

ወደ አገሬ ልመለስ። የጉጂና የቦረና ሰው ከጥንት ጀምሮ ኑሮው ከብት ነው፤ መጠጡም ወተት ነው። የክብር ግብዣው ቡና ቀላ ነው፤ ቡናው ከነገለባው በቅቤ ይበስላል፣ ይመረቅበታል። በኦሮምኛ ጠላ ፈርሶ ይባላል፤ ገብስ በሚበቅልበት በቦሬ ደጋና በሌላውም የኦሮሞ ደጋ የታወቀ ነው። ወደ ቆላው ሲወረድ ግን እህል ይሳሳል፣ ጠላም አብሮ ይሳሳል። ጠላ ምንጊዜም እህልን ይከተላል። ሁለተኛ የሚከተለው ደግሞ ከቤቱ የራቀ ወንድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጨረሻ የምኒልክ ጦር በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ መሪነት ቦረና ሲገባና የጦር ሰፈሮች ሲቆረቆሩ የደጋው ጓዳም አብሮ ወረደ። ከጠመንጃው ኋላ ጋን ተሸክሞ የመጣ እጅ ነበረ። የዘመቻው ታሪክ ተጽፏል፤ ጋን የተሸከመችው ግን አልተጻፈችም።

ከዚያ ወርቁ መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ በአዶላ ወንዞች ዳር ወርቅ መታጠብ ሲጀመር ከየአገሩ ሰው ጎረፈ። አዶላ ከተማም ክብረ መንግሥት ተባለች። የሻኪሶም ዕድል ከወርቁ ጋር ተሳሰረ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ገደማ ትልቁ የለገ ደንቢ ማዕድን ሥራ ጀመረ፣ በ1997 ወደ ሚድሮክ ተዛወረ፣ በ2018 ደግሞ ሕዝቡ ስለ ጤናና ስለ ውሃ መበከል ባሰማው ተቃውሞ ፈቃዱ ታገደ፣ ከዓመታት በኋላ ሥራው እንደገና ተጀመረ። ይህ ሁሉ በመዝገብ ላይ አለ። የወርቁ ግራም ሳይቀር ተመዝኖ ይጻፋል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ አሸዋ ሲያጥብ የዋለው ሰው ማታ የት ነው የሚገባው? ዘመድ የለው፣ ቤት የለው፣ ምድጃ የለው። የሚገባው አጥሩ በር ላይ በእንጨት ጫፍ ጣሳ የተደፋበት ቤት ነው። እዚያ ጠላ አለ፣ ቆሎ አለ፣ ወሬ አለ። የታመመው ይጠየቅበታል፣ ዕቁብ ይጣልበታል፣ የሞተው መርዶ ይነገርበታል። ከሲዳማ የመጣው፣ ከጎጃም የመጣው፣ ከወላይታ የመጣው፣ የአገሩ ባለቤት ጉጂውም በአንድ አግዳሚ ላይ የሚቀመጡት እዚያ ነው። «ጋን በጠጠር ይደገፋል» ይባላል። የወርቅ ከተማ የተባለው ትልቁ ጋን ሳይንከባለል የቆመው በእነዚህ ጠጠሮች ተደግፎ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

የሥራውን ልክ ላላየ ሰው ላሳይ። መጀመሪያ ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ ከዚያ በወይራ ይታጠናል። (የቦረና ሴቶችም የወተት ዕቃቸውን በእንጨት ጭስ ያጥናሉ፤ ወይራውን እነሱ ኤጄርሳ ይሉታል። ሁለት ባህል፣ አንድ ጭስ!) ቀጥሎ የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ይጠነሰሳል። ብቅሉ ለብቻው ነው፤ ገብሱ ይነከራል፣ በኮባ ተጠቅልሎ ይበቅላል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል። ከዚያ ቂጣው ይጋገራል፣ እንኩሮው በምጣድ ላይ እስኪጠቁር ይማሰላል፣ ሁሉም ተደባልቆ ድፍድፍ ይሆናል። ድፍድፉ ታሽጎ ይሰነብታል። በመጨረሻ በውሃ ይበጠበጣል፣ ያድራል፣ ይጠለላል። ከጥንስስ እስከ ጣሳ አንድ ሳምንት አለፍ ይላል። እርሾ የሚጨምርበት ሰው የለም፤ የሚያፈላው ረቂቅ ፍጥረት ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከጋኑ ይመጣል። ፓስተር ስለ ቢራ መፍላት መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1876 ነው። የእኛ ሴቶች ምክንያቱን ሳይነገራቸው ዘዴውን ይዘውት ቆይተዋል። ይህ እውቀት ካልሆነ እውቀት ምንድን ነው?

ውሃው ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ከአዶላ በዋደራ በኩል ወደ ነገሌ ቦረና ሲወረድ ውሃ እየከበደ ይሄዳል። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ የሠፈሩት ወታደሮች ያመጹት በምግብና በውሃ ምክንያት መሆኑን ሁላችንም ተምረናል፤ የውሃ መሳቢያቸው ሲበላሽ ከመኮንኖቹ እንዳይቀዱ ተከለከሉ። ሊያነጋግሯቸው የተላኩትን ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው ራሳቸው የሚበሉትንና የሚጠጡትን እንዲቀምሱ አደረጓቸው። የየካቲት አብዮት ታሪክ ሲጻፍ ከዚያ ውሃ ይጀመራል። እኔም ይህን ሳነብ ሌላ ነገር አሰብኩ። ውሃ በሚታገልበት አገር አንድ ጋን ጠላ ለመጥመቅ ስንት እንስራ በጀርባ መጣ? ያን የቀዳችውን ማንም ጄኔራል መጥቶ አላነጋገራትም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ደግሞ ፈረንጆች ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅን የቅዳሜና የእሑድ መዝናኛ እንዳደረጉት አነበብኩ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1963 ለቤት ጠመቃ ይጠየቅ የነበረው ፈቃድ ቀረ። በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ካርተር በጥቅምት 1978 በፈረሙት ሕግ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ያለበት ቤት በዓመት 200 ጋሎን ያለ ታክስ እንዲጠምቅ ተፈቀደ፤ መሸጥ ግን አይቻልም። 200 ጋሎን ማለት 757 ሊትር ያህል ነው። እናቴ በሳምንት አንድ በርሜል፣ 200 ሊትር፣ ትጠምቃለች። እንግዲህ አሜሪካ ብትሆን በአራተኛው ሳምንት የዓመቱን ልክ አልፋ ሄደች ማለት ነው! ሳቅኩ። ከዚያ ግን ሳቄ ቆመ። ያው ሥራ፣ ያው ብቅል፣ ያው ትዕግሥት፤ በሥራ የደከመ የቢሮ ሰው ለደስታው ሲያደርገው ጥበብ ተብሎ መጽሐፍ ይጻፍለታል። ለልጆቿ ትምህርት ብላ በጭስ ዓይኗ የጠፋ ሴት ስታደርገው «ሥራ የላትም» ይባላል። ለእሷ ቅዳሜና እሑድ ዕረፍት አይደለም፤ ደንበኛ የሚበዛበት፣ ወገብ የሚቆረጥበት ቀን ነው።

አንዱን ወገን ብቻ እንዳልናገር። ጠላ ቤት ገነት አይደለም። ቀን ሙሉ የታጠበ ወርቅ በአንድ ሌሊት ሲጠጣ አይቻለሁ። ወርቁ የልጆች እራት ነበረ። ጠብ አለ፣ ዱላ አለ፣ ቀጂዋን ልጅ የሚተናኮል አለ። እናቴ እኅቴን አንድ ቀን እንኳ እንድትቀዳ አልፈቀደችላትም። «እኔ የምጠምቀው እናንተ እንዳትጠምቁ ነው» ትለን ነበር። በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ ኩራትም እፍረትም አለ። ሁለቱንም ሳልቀንስ መጻፍ አለብኝ።

አሁን አሁን ጋኑ እየጠፋ ነው። ከባድ ነው፣ ይሰበራል፣ ውድ ነው። በቦታው ሰማያዊው የፕላስቲክ በርሜል ገብቷል። በርሜል ደግሞ በወይራ አይታጠንም። ባለፈው ክረምት ቤት ስገባ እናቴን ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ ጋኑ የት ሄደ?»

«ተሰበረ፣ ልጄ። ገሉን ለዶሮ ውሃ ማጠጫ አደረግሁት። ምነው?»

«ልጽፍበት ነው።»

«ስለ ጋን? ደግሞ ምን ይጻፍበታል?» ብላ ሳቀች። ትንሽ ቆይታ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠችና ከእናቷ የተማረችውን ከጌሾው ጀምራ ትነግረኝ ያዘች። እስኪመሽ አላቆመችም። ማንም ጠይቋት አያውቅም ነበረ።

ጓዶች፣ ከእኛ መሀል በጠላ፣ በዳቦ፣ በጉልት ያልተማረ ስንት ነው? ለክረምት ስትገቡ ደብተር ያዙና ጠይቁ። ያቺ በጋን ውስጥ የተቀመጠች መብራት ሳትጠፋ።

እኔ ወደ መዝገብ ቤቱ ሄጄ ነበር። ቅጹ አንዴ ከገባ አይታረምም አሉኝ። ስለዚህ እዚህ ላይ አርሜዋለሁ። የእናት ሥራ፦ ጠላ ጠማቂ።