ለነፍሰ ጡር እናት ተገቢው ሐኪም ማን ነው?

በአገራችን አንዲት ሴት መፅነሷ በታወቀ ጊዜ ዘመድና ጎረቤት «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብሎ ይመርቃታል፤ በሰላም በተገላገለች ጊዜም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ዘጠኝ ወር የተስፋም የሥጋትም ዘመን መሆኑን እናቶቻችን አሳምረው ያውቁ ስለ ነበር፤ ነፍሰ ጡር ሴት አንድ እግሯ ከመቃብር ነው ይሉ ነበር። ከነፍሰ ጡሮችም መካከል ሥጋቱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚከብድባቸው አሉ፤ እነርሱም ከዚህ ቀደም ውርጃ የደረሰባቸው፣ የደም ግፊት ያለባቸው፣ መንታ የፀነሱ፣ የመውለጃ ቀናቸው ያለፈባቸው፣ ወይም በቀድሞው ወሊድ ብዙ ደም የፈሰሳቸው ናቸው። ለእነዚህ እናቶች ሐኪም መምረጥ ሕይወትን ወይም ሞትን እንደ መምረጥ ይቆጠራል።

ታዲያ ተገቢው ሐኪም የትኛው ነው? ብዙ ሰው ስሙ የገነነውና ታላላቆችን የሚያክመው ይመስለዋል። ታሪክ ግን ሌላ መልስ ይሰጣል። ዛሬ ይህን መልስ ከአንዲት የእንግሊዝ ልዕልት አሟሟት ጀምረን እስከ አገራችን ድረስ ተከትለን እንመለከታለን። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በ1817 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ የጆርጅ 3ኛ ብቸኛ ሕጋዊ የልጅ ልጅ የነበሩት ልዕልት ሻርሎት የ21 ዓመት ወጣት ነበሩ። በ1816 ዓ.ም. የጀርመኑን መስፍን ሊዮፖልድን አግብተው ክሌርሞንት በሚባለው ቤታቸው ይኖሩ ነበር። ከጋብቻቸው በኋላ ሁለት ጊዜ ስላስወረዳቸው አሁን የፀነሱት ልጅ በመላው አገር በጉጉትና በፍርሃት ይጠበቅ ነበር፤ የዘውዱ ተስፋ በዚያ ፅንስ ላይ ነበርና።

ለዚህ ከባድ ኃላፊነት የተመረጠው የብዙ መኳንንትን ሚስቶች ያዋልድ የነበረው ሰር ሪቻርድ ክሮፍት ነበረ። ከእርሱም ጋር የታወቀው ሐኪም ማቲው ቤሊ ተጨመረ። እነዚህ ሁለት ሰዎች መንታ እኅትማማቾችን ያገቡ ባጃናቆች ነበሩ፤ አማታቸውም በዘመኑ የማዋለድ ትምህርት ዋና መምህር የነበረው ቶማስ ዴንማን ነበረ። ዴንማን ከእርሱ በፊት የነበሩ አንዳንድ አዋላጆች በመሣሪያ ያደርሱት የነበረውን ጉዳት አይቶ ሐኪም ሊታገሥና ተፈጥሮ ሥራዋን እንድትሠራ ሊተዋት ይገባል ብሎ አስተማረ። ትምህርቱ በአመዛኙ መልካም ነበር፤ ነገር ግን መልካም ትምህርት ያለ ማመዛዘን የተያዘ እንደ ሆነ ጉዳት ማምጣቱ አይቀርም።

በእርግዝናው ወራት ክሮፍት የልዕልቲቱ ምግብ እንዲቀነስ አዘዘ፤ በየጊዜውም ደም ያስወጣቸው ነበር፤ ይህ በዚያን ዘመን የተለመደ ሕክምና ነበርና። የሊዮፖልድ ሐኪም የነበረው ክርስቲያን ስቶክማር ግን ነገሩን አልወደደውም፤ ሥጋቱንም ለጌታው ገልጾ ነበር። ሆኖም ራሱ በሕክምናው ይገባ ዘንድ ሲጠየቅ እምቢ አለ። ነገሩ ቢሳካ ምስጋናው ለእንግሊዞቹ፣ ቢበላሽ ግን ወቀሳው ለባዕዱ እንደሚሆን አስቦ ነበር። እንግዲህ አደጋውን ያየው ሰው ሥልጣን አልነበረውም፤ ሥልጣን ያለው ሰው ደግሞ አደጋውን አላየም።

የመውለጃው ቀን ኦክቶበር 19 ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ ሁለት ሳምንት አለፈው። በኖቬምበር 3 ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት ግድም ምጥ ጀመረ። ሌሊቱም፣ ማግሥቱም፣ ሌላውም ሌሊት አለፈ፤ ልጁ ግን አልወረደም። ምናልባት መሣሪያ ያስፈልግ ይሆናል ተብሎ ጆን ሲምስ የሚባል ሦስተኛ ሐኪም በሌሊት ተጠርቶ መጣ፤ ይህ ሰው ከሐኪምነቱ ሌላ በዕፅዋት ጥናት የታወቀ ነበረ። ነገር ግን እንግዳ ሰው በድንገት ቢገባ ልዕልቲቱ ይደነግጣሉ ተብሎ በሌላ ክፍል ተቀመጠ፤ በምጡም ጊዜ ሁሉ በሽተኛዋን ቀርቦ አላያቸውም።

የልጁን ራስ በሁለት በኩል ይዞ የሚስበው ፎርሴፕስ የሚባለው ጉጠት በዚያው ቤት ተዘጋጅቶ ነበር። ይህን መሣሪያ ቻምበርለን የሚባሉ የእንግሊዝ አገር ሐኪሞች ቤተሰብ ፈልስፈው ከመቶ ዓመት በላይ ከልጅ ለልጅ በምሥጢር ሲጠብቁት ኖረዋል። በ1817 ዓ.ም. ግን ምሥጢርነቱ ቀርቶ ማንኛውም የተማረ አዋላጅ ያውቀው ነበር። ክሮፍትም ያውቀዋል፤ ግን አላነሣውም። ምጡ 50 ሰዓት ከፈጀ በኋላ፣ በኖቬምበር 5 ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ አራት ኪሎ ያህል የሚመዝን ወንድ ልጅ ሞቶ ተወለደ። የእንግዴ ልጁም በራሱ ስላልወጣ በእጅ ማውጣት ግድ ሆነ፤ ደምም ፈሰሰ። መጀመሪያ ልዕልቲቱ ደኅና መስለው ነበር፤ በእኩለ ሌሊት ግን ሁኔታቸው ተለወጠ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ሲሆንም ዐረፉ።

አገሩ በሙሉ ሐዘን ተቀመጠ፤ በሱቆች ጥቁር ጨርቅ እስኪታጣ ድረስ ድኻውም ሀብታሙም ጥቁር ለበሰ። የልዕልቲቱ አባት ለክሮፍት የምስጋና ቃል ቢልክለትም ሕዝቡ ግን አልማረውም። እርሱም ራሱን ሊምር አልቻለም፤ ከሦስት ወር በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 13 ቀን 1818 ዓ.ም.፣ ሌላ ሴት በረጅም ምጥ ተይዛ ለማዋለድ በሄደበት ቤት ራሱን በጥይት ገደለ። እናት፣ ልጅና ሐኪም በአንድ ወሊድ ምክንያት ጠፉ።

በዚህ ታሪክ ላይ ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ክሮፍት ደንቆሮ አልነበረም፤ ሰነፍም አልነበረም፤ ሌት ተቀን ከበሽተኛዋ አልተለየም። የጎደሉት ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው፤ ትዕግሥት የት ላይ አብቅቶ ሥራ የት ላይ እንደሚጀምር የሚለይበት ድፍረት ነበር። ሁለተኛው፤ ከእርሱ የተለየ ሐሳብ ያለው አማካሪ ነበር። አብሮት የነበረው ባጃናቁ የዚያው ትምህርት ተከታይ ነው፤ ሦስተኛው ሐኪም በሩቅ ተቀምጧል፤ ነገሩ ያሳሰበውም ባዕድ ሆኖ ዝም ብሏል። በቤቱ የነበሩት ሐኪሞች አራት ቢሆኑም በበሽተኛዋ አልጋ ዘንድ የነበረው ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር።

የዘውዱ ወራሽ ስለ ጠፋ ያላገቡት የንጉሡ ልጆች ለማግባት ተጣደፉ። ከእነርሱም አንዱ የኬንት መስፍን የሊዮፖልድን እኅት ቪክቶሪያን አገባ። ሚስቱ በፀነሰች ጊዜ የተመረጠችው አዋላጅ ግን ታላቅ ስም ያለው የሎንዶን ሐኪም ሳይሆን ሻርሎት ፎን ሲቦልት የምትባል ጀርመናዊት ነበረች። እናቷ አዋላጅ ነበረች፤ እርሷም ሙያውን በቤትም በትምህርት ቤትም ተምራ፣ ልዕልት ሻርሎት በሞቱበት በዚያው በ1817 ዓ.ም.፣ ከጊሰን ዩኒቨርሲቲ በማዋለድ ሕክምና የዶክተርነት ማዕረግ ተቀብላ ነበር። በሜይ 24 ቀን 1819 ዓ.ም. በኋላ ንግሥት ቪክቶሪያ የተባሉትን ሕፃን በሰላም አዋለደች። ከሦስት ወር በኋላም ወደ ጀርመን ተመልሳ የንግሥቲቱ ባል የሚሆኑትን አልበርትን አዋለደች። ሴት ዶክተር እንደ ተአምር በምትታይበት ዘመን የኬንት መስፍን ቤት ዕውቀቷንና ልምዷን እንጂ ሴትነቷን አላየም።

ከዚህም ቀጥሎ የምናየው ታሪክ በቤተ መንግሥት ሳይሆን በድኾች መካከል የተደረገ ነው። በቪየና ከተማ ትልቅ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ፤ በአንደኛው ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ይሠሩ ነበር። እናቶች የሚገቡበት ክፍል የሚወሰነው በመጡበት ቀን ተራ ነበር። በ1846 ዓ.ም. በአንደኛው ክፍል ከመቶ እናቶች 11.4፣ በሁለተኛው 2.8 ሞቱ። የከተማይቱ ድኾች ሴቶች ይህን ልዩነት ያውቁ ስለ ነበር ወደ ሐኪሞቹ ክፍል እንዳያስገቧቸው ተንበርክከው ይለምኑ ነበር። ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለው ወጣት ሐኪም ምክንያቱን አጥብቆ መረመረ። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ሬሳ ሲመረምሩ ቆይተው በዚያው እጃቸው ወደ ወላዶች እንደሚመጡ አስተዋለ፤ በ1847 ዓ.ም. ሁሉም እጃቸውን ክሎሪን ባለበት የኖራ ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በ1848 ዓ.ም. የአንደኛው ክፍል ሞት ከመቶ ወደ 1.3 ያህል ወረደ። እንግዲህ የተማሩት ሰዎች ገና ያላመኑትን ነገር እነዚያ ማንበብ የማይችሉ እናቶች አስቀድመው ያውቁት ነበር። ሐኪምን በማዕረጉ አልመዘኑትም፤ ከእጁ በሕይወት የሚወጡትን ቆጥረው መዘኑት እንጂ።

በ19ኛው መቶ ዓመት ሐኪም ወደ ነፍሰ ጡር የሚጠራው ይበልጡን ምጡ ከመጣ በኋላ ነበር። በ1901 ዓ.ም. የኤዲንብራው ሐኪም ጆን ባለንታይን ገና ላልወለዱ እናቶች የሚሆን ሆስፒታል ያስፈልጋል ብሎ ጻፈ። አሳቡ «ሳይቃጠል በቅጠል» ከሚለው ከእኛ ምሳሌ ጋር አንድ ነው፤ አደጋው ከመድረሱ በፊት ምልክቱ ይታያልና በየጊዜው ይመርመር ማለት ነው። ዛሬ ነፍሰ ጡር ሴት የደም ግፊቷና ሽንቷ የሚመረመረው፣ ሆዷ የሚለካው፣ የልጁ የልብ ትርታ የሚደመጠው በዚህ አሳብ መሠረት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን በእንግሊዝ አገር የነርስነት ሙያ ተምረው፣ ሕዝባቸውን በዚሁ ሙያ ለማገልገል ወደ አገራቸው ተመለሱ። ነገር ግን በእርግዝናቸው ሳቢያ በደረሰባቸው ችግር፣ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ማለት ኦገስት 17 ቀን 1942 ዓ.ም.፣ በነቀምት ከተማ ገና በወጣትነታቸው ዐረፉ። ማዕረግም ሆነ የነርስነት ዕውቀት ከዚህ አደጋ አላዳናቸውም። ወዳጆቻቸው፣ በተለይም ሲልቪያ ፓንክረስት በእንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባስበው፣ በአዲስ አበባ በስማቸው የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በ1951 ዓ.ም. ተከፈተ።

በ1959 ዓ.ም. ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ወደዚሁ ሆስፒታል መጡ። እዚያም ፊስቱላ የያዛቸውን ሴቶች አገኙ። እነዚህ ሴቶች ከሐኪም ርቀው ለቀናት ያማጡ ናቸው። የልጁ ራስ በዳሌ አጥንት መካከል ተቀርቅሮ የእናቲቱን ሥጋ አጥብቆ ሲጫነው፣ ደም ያጣው ሥጋ ይሞታል፤ በስፍራውም ቀዳዳ ስለሚቀር ሽንት ያለ ማቋረጥ ይፈስሳል። አብዛኛውን ጊዜም ልጁ ሞቶ ይወለዳል። ይህ ልዕልት ሻርሎት በክሌርሞንት ያዩት የረጅም ምጥ መከራ በእኛ ገጠር የሚታይበት መልክ ነው። በዚያ ሐኪሙ ቀርቦ ሳለ መሣሪያው አልተነሣም፤ በዚህ ግን ሐኪሙም መሣሪያውም ሩቅ ነበሩ። ሃምሊኖች በ1974 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። በሽታውን ማከም ብቻ እንደማይበቃና ከምንጩ መከላከል እንደሚገባ በመረዳትም በ2007 ዓ.ም. በስማቸው የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። በጉራጌ አገር ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ደግሞ በ1970ዎቹ ዓመታት ሥጋት ያለባቸው ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሳይደርስ መጥተው በሆስፒታሉ አጠገብ የሚቆዩበትን ማረፊያ ካቋቋሙት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። መንገዱን ማሳጠር ባይቻል እናቲቱን አስቀድሞ ማቅረብ ይቻላል ማለት ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ተገቢውን ሐኪም የምንለይባቸው አራት ጥያቄዎች ይወጣሉ። አንደኛ፤ ከእርግዝናው መጀመሪያ አንሥቶ እየመረመረ ያለፈውን የወሊድ ታሪክ ይጠይቃልን? ሁለተኛ፤ አደጋ ቢመጣ ምን እንደሚያደርግ፣ ለምሳሌ ቀዶ ሕክምናና ደም የት እንደሚገኝ፣ አስቀድሞ ይናገራልን? ሦስተኛ፤ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ነገር ሳያፍር ወደሚበልጠው ሐኪም ይልካልን? አራተኛ፤ ምጡ በሌሊት ቢመጣ ከእናቲቱ ቤት ተነሥቶ በጊዜ እርሱ ዘንድ መድረስ ይቻላልን? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ሰው የከተማ ስፔሻሊስትም ሆነ የገጠር ጤና ጣቢያ አዋላጅ ከስመ ጥር ሐኪም ይበልጣል።

ጥያቄውንም መጠየቅ ያለባት ነፍሰ ጡሯ ብቻ አይደለችም። ባል፣ አማትና እናት ጭምር ሊጠይቁ ይገባል፤ በምጥ ጊዜ ለእርሷ የሚናገሩላት እነርሱ ናቸውና። ደም ከታየ፣ ራስ ምታቱ ከጠና፣ ፊት ካበጠ፣ ዓይን ከደበዘዘ፣ ትኩሳት ከያዘ፣ የሽርት ውሃ ያለ ጊዜው ከፈሰሰ፣ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም። ሐኪሙንም ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ መጠየቅ ድፍረት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም። በክሌርሞንት ቤት በዚያች በሁለተኛይቱ ሌሊት ይህን የሚጠይቅ አንድ ሰው ቢገኝ ኖሮ ምናልባት ሦስት ነፍስ በዳነ ነበር።

እግዚአብሔር እናቶቻችንን ይጠብቅልን።