የአያት ቤት ፍለጋ

ዛሬ የማወጋችሁ ጀርመኖች ስለሠሩት አንድ የቆየ ፊልም ነው። ታሪኩ የሚቸኩል አይደለምና እኔም አልቸኩልም።

ፊልሙን የሠራው ቪም ቬንደርስ ነው። የተወለደው ዱሰልዶርፍ ከተማ በነሐሴ 1945 እ.ኤ.አ. ነው፤ በአውሮፓ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና ሦስት ወሩ ነበር። አገሩ ፍርስራሽ ነበር፤ ትልልቆቹ ስላለፈው ነገር አፋቸውን ዘግተዋል፣ ልጆቹም ዘፈኑንም ፊልሙንም ከአሜሪካ እየተቀበሉ አደጉ። እንዲህ ባለ ቦታ ያደገ ሰው «ቤቴ የት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ማን ይፈርድበታል? ቬንደርስም ይህንኑ ጥያቄ ይዞ በ1973 ካሜራውን አነሳ፣ ፊልሙም በ1974 ወጣ። ስሙ «አሊስ በከተሞች ውስጥ» ይባላል፤ ጥቁርና ነጭ ነው።

በፊልሙ ውስጥ ፊሊፕ ቪንተር የሚባል ጋዜጠኛ ነበር። ስለ አሜሪካ ጽፈህ አምጣ ተብሎ ከጀርመን ተላከ፣ ከዚያም መኪና ይዞ በባሕር ዳሩ መንገድ ይነዳ ጀመር፤ ከአንዱ ነዳጅ ማደያ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ሲመሽ ከትናንቱ ጋር አንድ የሆነ የመንገድ ዳር ሆቴል ይገባል፣ ከዚያም ቴሌቪዥኑ ለብቻው እያወራ እሱ እንቅልፍ ይወስደዋል። ፎቶውን እዚያው የሚያወጣ ፖላሮይድ ካሜራ ነበረው። ያነሳል፣ ምስሉ እስኪወጣ ይጠብቃል፣ ከዚያም ምስሉን ዐይኑ ካየው ነገር ጋር ያስተያየዋል፤ አልገጥም ይለዋል። ፎቶው ተከመረ እንጂ ጽሑፉ አልተጻፈም። ኒው ዮርክ ሲደርስ አሠሪው ተቆጣው፣ ገንዘቡ ተመናመነ፣ መኪናውን ሸጠ፣ የሚያውቃት ሴትም እቤቷ ልታሳድረው አልፈቀደችም። ፎቶ የምታነሳው መኖርህን የሚያረጋግጥልህ ነገር ፈልገህ ነው አለችው። ቃሉ ከባድ ነው፣ ግን እውነቷን ነበር።

ከዚያ ወደ አገሬ ልመለስ ብሎ ቲኬት ሊቆርጥ ሄደ። ጀርመን ውስጥ የአየር ማረፊያ ሠራተኞች አድማ መትተዋል፣ በረራ የለም፣ በአምስተርዳም በኩል ካልሆነ ተባለ። እዚያው በር ላይ፣ በሚሽከረከረው የመስታወት በር ውስጥ፣ አንዲት ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ እየዞረች ስትጫወት አገኛት። አሊስ ነች። እናቷ ሊዛ አብራው የምትኖረውን ሰው ጥላ ወደ ጀርመን ለመመለስ ቲኬት ቆርጣለች፣ ልቧ ግን አልቆረጠም። ሦስቱም አንድ ሆቴል አደሩ፣ ሲነጋ ሊዛ የለችም፤ ኢምፓየር ስቴት ሕንጻ አናት ላይ እንገናኝ የሚል ማስታወሻ ትታለች። ወጡና ጠበቁ። ልጅቱ በትልቁ መነጽር ከሕንጻዎቹ በላይ የሚበር ወፍ ስትከተል ቆየች፣ እናቷ ግን አልመጣችም። ልጄን ወደ አምስተርዳም ይዘህልኝ ሂድ፣ እደርሳለሁ የሚል መልእክት ብቻ ቀራቸው።

አምስተርዳም ገቡ፣ ጠበቁ፣ ሊዛ አልደረሰችም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ነገር ባየሁት ቁጥር ሆዴን ይበላኛል። ልጅቱ አየር ማረፊያው ውስጥ ሽንት ቤት ገብታ በሩን ቆልፋ ታለቅሳለች። ፊሊፕ ማባበል አይችልበትም፣ ልጅ አሳድጎ አያውቅም። ግን አያቷ ጀርመን እንዳለች ሰምቷል፣ ከተማዋን ግን ልጅቱ አታስታውስም፤ ስለዚህ ከበሩ ውጭ ቆሞ የጀርመንን ከተሞች ስም በፊደል ተራ አንድ በአንድ ይጠራላት ጀመር። አይደለም ትላለች ከውስጥ። ሌላ ይጠራል። አይደለም። ረጅም ዝርዝር ነው፣ እሱም አይሰለችም፣ ድምፁንም አይጨምርም፣ ከዚያ መጨረሻው አካባቢ ቩፐርታል ሲል በሩ ተከፈተ። ይህ ሰው አሜሪካ ውስጥ ያን ሁሉ መንገድ ነድቶ አንዲት መስመር ሳይጽፍ ኖሮ፣ እዚህ የሽንት ቤት በር ላይ ነው መጀመሪያ ለሌላ ሰው የሚጠቅም ቃል ያወጣው። የፊልሙ ልብ እኔ የማየው እዚህ ነው።

ከዚያ በአውቶቡስ ቩፐርታል ሄዱ። ያቺ ከተማ ከ1901 ጀምሮ ከላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ባቡር አላት፤ ሐዲዱ በወንዙ ላይ ተዘርግቷል፣ ፉርጎው ከሥሩ ተንጠልጥሎ በሰዎች መስኮት አጠገብ ያልፋል። ሰውየውና ልጅቱ እሱንም ተሳፈሩ፣ መኪናም ተከራይተው መንገድ ለመንገድ ዞሩ፣ እሱ ይነዳል፣ እሷ በመስኮት ታያለች፣ ደግሞ ርቦኛል ትላለች፣ ይበላሉ፣ ይዞራሉ። ከዚያ አንድ ቀን አይስክሬም እየበላች አያቴ እኮ ቩፐርታል አልኖረችም አለችው። እሱም መሮት ፖሊስ ጣቢያ ወስዶ ትቷት ሄደ። እሷ ግን ከፖሊሶቹ አምልጣ ተመለሰች። የመኪናውን በር ከፈተላት፣ ከዚያ በኋላ ትቷት አልሄደም።

አሁን በእጃቸው አንድ ፎቶግራፍ ብቻ አለ፤ የአያቷ ቤት ነው፣ ሰው አይታይበትም። ከተማው ሩር በሚባለው የከሰል ድንጋይ አገር ነው መባሉን ብቻ ያውቃሉ። ኦበርሃውዘን፣ ኤሰን፣ ዱይስቡርግ፣ ጌልዘንኪርሸን እያሉ ፎቶውን ለመንገደኛ እያሳዩ ሄዱ። ቬንደርስ ራሱ ኦበርሃውዘን ተምሯልና እነዚያን የማዕድን ሠራተኛ ቤቶች የሚያያቸው እንደ እንግዳ አይደለም። አሮጌዎቹ ቤቶች እየፈረሱ ነበር፣ ልጅቱም ባዶ የቀረውን ቦታ አይታ መቃብር ይመስላል፣ የቤት መቃብር አለች። ሆላንዳዊው ካሜራ አንሺ ሮቢ ሙለርም ሳይቸኩል ያሳየናል፤ ጡብ፣ አጥር፣ ብስክሌት የሚነዳ ልጅ፣ ደመና ያጠላበት ሰማይ።

ከዚያም ቤቱን አገኙት! ፎቶው ላይ እንዳለው ቁጭ ብሏል። አሊስ ሮጣ ሄደች፣ ደወሉን ደወለች፣ በሩን የከፈተችው ግን ጣሊያናዊት ሴት ሆነች። ከገባሁ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ስለ ሴትየዋም የማውቀው የለኝም አለቻቸው። እሷም ከአገሯ ርቃ የመጣች ናት። ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዘው ቤቱ ተገኘ፣ አያት ግን የለችም። ሌላ ፊልም ሠሪ ቢሆን እዚያ በር ላይ አያትየዋን እጇን ዘርግታ ያቆማት ነበር። ቬንደርስ ግን አላባበለንም፣ ለዚህም አከብረዋለሁ።

የሚገርማችሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሁለቱ መሳቅ የጀመሩት። ሄደው ይዋኛሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ አባትና ልጅ እንመስላለን ወይ ብለው ሰው ይጠይቃሉ። አንድ ጊዜ ደግሞ ልጅቱ ካሜራውን ተቀብላ እሱን አነሳችው፣ ምን እንደምትመስል እንድታውቅ ነው ብላ ፎቶውን ሰጠችው፤ ሲያየው በሚያብረቀርቀው ወረቀት ላይ የእሷም ፊት ከእሱ ፊት ጋር ተደርቦ ታየ። ያ ሁሉ ፖላሮይድ ያልሰጠውን እሷ በአንድ ጊዜ ሰጠችው።

ይህ ፊልም ሳይሠራ ሊቀር ነበር። ቬንደርስ ቀረጻ ሊጀምር ሲል አንድ ሰውና አንዲት ልጅ አብረው የሚጓዙበትን «ፔፐር ሙን» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም አየ፣ ከዚያም ይህማ የእኔው ታሪክ ነው ብሎ ሊተወው ተነሳ፤ አንጋፋው አሜሪካዊ ፊልም ሠሪ ሳሙኤል ፉለር ነው አትተወው፣ ለውጠህ ሥራው ብሎ የመከረው። ትልቅ ሰው በጊዜው ቢመክር እንዲህ ነው።

መጨረሻውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ራይን ወንዝን በጀልባ ሲሻገሩ አንድ ፖሊስ አወቃቸው፤ እናቷም አያቷም ተገኝተዋል፣ ሙኒክ ናቸው አለ። ፊሊፕ ለባቡሩ የሚከፍለው አልነበረውም፣ አሊስ ደብቃ የያዘችውን 100 ዶላር አውጥታ ሰጠችውና አብረው ተሳፈሩ። ሙኒክ ስትደርስ ምን ታደርጋለህ ብላ ጠየቀችው። ይህን ታሪክ ጽፌ እጨርሳለሁ አላት።

ፊልሙ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ፈልጉና ከልጆቻችሁ ጋር እዩት፤ በተለይ እናንተ ልጅ በሰው አገር የምታሳድጉ። አሊስ የአያቷን ቤት በፎቶ ታውቀዋለች፣ ከተማዋን ግን አታውቅም። ስለዚህ ለልጆቻችሁ ፎቶ ብቻ አትስጧቸው፤ የአያታቸውን ሙሉ ስም፣ ያሉበትን ከተማና ቀበሌ ዛሬውኑ አስጠኗቸው።