አሮጌው ከመፍረሱ በፊት

በዳላስና ፎርት ወርዝ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለትውልድ ቀያችን ቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ገንዘብ ማዋጣትን ባህል ካደረግን ሰንብተናል። ከጋርላንድ እስከ ፕሌኖ፣ ከሪቻርድሰን እስከ አርሊንግተን የአንድ አጥቢያ ልጆች ይሰባሰባሉ፤ ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ጨረታ ይወጣል፤ ጎፈንድሚ ይከፈታል፤ ገንዘቡ ይላካል። ይህ ፍቅር ነው፣ ሊመሰገንም ይገባል። ገንዘቡ ሲደርስ በየገጠሩ ደጋግሞ የሚታየው የመጀመሪያ ሥራ ግን ማፍረስ ነው። ምሰሶው ከጽድና ከወይራ የቆመ፣ ግድግዳው በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ መቅደሱ ዙሪያውን በሥዕል የተሸለመ ክብ ቤተ ክርስቲያን ይነሣና በስፍራው የብሎኬትና የሲሚንቶ ሕንፃ ይቆማል። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ለአንድ ነገር ነው፦ ለአዲሱ ሕንፃ ከምንልከው ገንዘብ ጥቂቱ አስቀድሞ አሮጌውን በዲጂታል መሣሪያ ለመመዝገብ ይዋል፤ ምዝገባው ሳያልቅና ቅጂው በአስተማማኝ ቦታ ሳይቀመጥ አንድ ድንጋይ እንኳ አይነሣ።

የሚጠፋው ምን እንደሆነ በቅጡ ማየት ያስፈልጋል። በጎንደር ዘመንና ከዚያም ወዲህ በተሳሉ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉ ያረፈው ከግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። ክዳኑ ሲያፈስ ጨርቁ ይበሰብሳል፤ ግድግዳው ሲፈርስ አብሮ ይቀደዳል። ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ በግንባሩ ተደፍቶ የሚታየው ሰው ሥዕሉን ያሣለው የአካባቢው ባላባት ወይም ባለርስት ነው፤ አጠገቡ ስሙ ተጽፏል። ልብሱ፣ የፈረሱ ዕቃ፣ የሚስቱ የፀጉር አሠራር ሁሉ ሠዓሊው በዘመኑ ያየው ነው። በዕቃ ቤት ያለው ወንጌል ደግሞ በኅዳጉ የርስትና የጉልት ድልድል ይዟል። ለብዙ የገጠር አጥቢያ ከእነዚህ ሌላ የተጻፈ ታሪክ የለም። ላሊበላ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው የዛማኒ ፕሮጀክትም ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን በሌዘር ስካነር ለክቶ በባለ ሦስት አውታረ መጠን ሞዴል አስቀርቷቸዋል። ስሟ ከወረዳው ውጭ ለማይታወቅ ለአንዲት የጊዮርጊስ ወይም የኪዳነ ምሕረት ደብር ግን ይህን የሚያደርግላት የለም፣ ልጆቿ ካላደረጉት በቀር።

መመዝገብ ብቻውን ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር የራሳችን ታሪክ መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ1966 አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ አባ ተወልደ መድኅን ዮሴፍ የ123 የትግራይ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትን ዝርዝር አቀረቡ። ምእመናኑ ለዘመናት የሚያስቀድሱባቸው አብዛኞቹ ለምሁራን አዲስ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ የተደረገው የትግራይ ውቅሮች ጥናት ከዚያ ወረቀት ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ተጀመረና በሃያ ዓመታት ውስጥ 9,000 ያህል ብራናዎች ተነሡ፤ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ ሌላው በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ተቀመጠ። የግእዝ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1975 በጥይት ተመተው በተሽከርካሪ ወንበር ከተወሰኑ በኋላ ከሐይቅ እስከ ሸዋ ገዳማት የነበሩትን መጻሕፍት ያነበቡትና ካታሎግ ያዘጋጁላቸው ከእነዚያ ፊልሞች ላይ ነው። ፊልም ባይኖር ያ ሁሉ ዕውቀት አይገኝም ነበር። ያ ታላቅ ዘመቻ ግን ያተኮረው በመጻሕፍት ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ ማይክል ጄርቨርስና ኤቫ ባሊትስካ ቪታኮቭስካ ከየአብያተ ክርስቲያናቱ ያሰባሰቡት የሥዕል ፎቶግራፍ ክምችትም ትልቅ ሥራ ቢሆን የገጠሩን ሁሉ ሊያዳርስ አይችልም።

ከአገራችን ውጭም ማስረጃ አለ። በአፍጋኒስታን ባሚያን ከገደል የተፈለፈሉት ሁለት የቡድሃ ሐውልቶች በመጋቢት 2001 እ.ኤ.አ. በፈንጂ ሲፈርሱ፣ የዙሪክ ተመራማሪዎች የትልቁን ሐውልት ቅርጽ በኮምፒውተር መልሰው ለመሥራት የቻሉት ሮበርት ኮስትካ በ1970 ለልኬት ያነሣቸው ፎቶግራፎች በመኖራቸው ነው። ሐውልቶቹ እስከ ዛሬ አልተመለሱም፤ ምዝገባ የፈረሰን አያቆምም። በፓሪስ ኖትር ዳም ግን ሌላ ሆነ። የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቁ አንድሩ ታሎን ከሚያዝያ 2019ኙ ቃጠሎ ዓመታት ቀደም ብሎ ካቴድራሉን በሌዘር ለክቶት ስለነበር፣ ያ ልኬት ለመልሶ ግንባታው አገልግሏል፤ ካቴድራሉም በታኅሣሥ 2024 ተከፈተ። ከሁለቱ የምንማረው ልኬቱ መቅደም እንዳለበት ነው፤ ከጥፋት በኋላ የሚለካ ነገር የለም።

ሥራው ደግሞ ብዙዎች እንደሚያስቡት ከባድ አይደለም። አንዱ ሥዕል ከሌላው ጋር ቢያንስ ከግማሽ በላይ እየተደራረበ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ይነሣል፤ የታወቀ ርዝመት ያለው መለኪያና የቀለም ካርድ በፎቶው ውስጥ ይገባል፤ ሶፍትዌሩ እነዚያን ሁሉ አገናኝቶ የሕንፃውን ባለ ሦስት አውታረ መጠን ቅርጽ ያወጣል። ደህና ካሜራ፣ መቆሚያ፣ የባትሪ መብራትና የሠለጠነ ወጣት ከተገኘ የአንዲት አነስተኛ ደብር ሥራ በጥቂት ቀናት ያልቃል። ከፎቶው እኩል አስፈላጊው የሽማግሌዎቹ ቃል ነው፦ ማን አሠራው፣ ሠዓሊው ከየት መጣ፣ ደወሉን ማን ሰጠ። ይህን ቄሰ ገበዙና መሪጌታው እያሉ በድምፅ መቅዳት ያስፈልጋል።

እኛ ባለንበት አካባቢ ለዚህ ሁለት መምህራን አሉን። በፕሌኖ የሚገኘውና ፕሮፌሰር ዳንኤል ዋላስ እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት የአዲስ ኪዳን ብራናዎች ጥናት ማዕከል ባለሙያዎቹን ወደ ገዳማትና ቤተ መጻሕፍት እየላከ የግሪክ ብራናዎችን ያነሣል፤ ብራናው ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። በ2007 ቲራና ላይ ባነሣቸው ብራናዎች መካከል የምዕራብ ምሁራን የማያውቋቸው ተገኝተውበታል። በዴንተን የሰሜን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ የቴክሳስን ታሪክ በድረ ገጽ ያሰባስባል፤ የትንንሽ ከተሞችን ሙዚየሞችና ቤተ መጻሕፍት ሰነድ በዲጂታል ገልብጦ ዋናውን ለባለቤቱ ይመልሳል። አንዲት የቴክሳስ የገጠር ከተማ የድሮ ጋዜጣዋን እንዲህ ካስጠበቀች፣ የእኛ ደብር ሥዕሏን የማታስጠብቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ክብደት ያለው የሌባ ስጋት ነው፦ የንዋያተ ቅድሳቱ ፎቶ ለገበያ መንገድ ያሳያል ይባላል። ስጋቱ እውነት ነው፤ ስለዚህ የቦታው አቅጣጫና የዕቃ ቤቱ ዝርዝር በይፋ አይወጣም። ሌባን የሚረዳው ግን ከሁሉ በላይ የመዝገብ አለመኖር ነው። በሮተርዳም የሚኖረው ሲራክ አስፋው በ1998 እ.ኤ.አ. እጁ የገባውን የጨለቆት ሥላሴ ዘውድ ከሃያ ዓመት በላይ ደብቆ አቆይቶ በየካቲት 2020 ለአገሩ ሲመልስ፣ ዘውዱን ደፍተው የተነሡ ካህን ፎቶግራፍ ዘውዱ የማን እንደነበረ ይመሰክር ነበር። ፎቶ የሌለው የገጠር መስቀል በአውሮፓ ጨረታ ቢወጣ የእኔ ነው ብሎ የሚከራከርለት በምን ማስረጃ ይከራከራል? በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረው የትግራይ ጦርነት በኋላ የኢትዮጵያ ብራናዎች በኢንተርኔት ገበያ ለሽያጭ መቅረባቸው ሲነገር ብዙ አጥቢያዎች የሚያቀርቡት ሰነድ አልነበራቸውም።

ሌላው ጥርጣሬ ባዕድ መጥቶ ይወስድብናል የሚለው ነው፤ መሠረትም አለው። እ.ኤ.አ. በ1932 የፈረንሳዊው ተመራማሪ የማርሴል ግሪዮል ቡድን ጎንደር ገብቶ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ሥዕሎች ከግድግዳው ልጦ ፓሪስ ወሰደ፤ በምትኩ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣለው ቅጂ ተተከለ። ያን ጊዜ ዋናው ሄዶ ቅጂው ቀረ። አሁን የምንለው ተቃራኒው ነው፤ ዋናው ከስፍራው አይነቃነቅ፣ ቅጂውም በመጀመሪያ የሰበካ ጉባኤው ንብረት ይሁን። መቅደስ ውስጥ ማን እንደሚገባ፣ ምን እንደሚነሣና ምን እንደማይነሣ የሚወስኑት ካህናቱ ናቸው፤ ታቦት አይነሣም፣ ይህ ለክርክር የሚቀርብ አይደለም።

ሕዝቡ ሙዚየም ሳይሆን የሚያስቀድስበት ሰፊ ቤት ይፈልጋል የሚሉም አሉ፤ ልክ ናቸው። ግን አዲስ መሥራት አሮጌውን ማፍረስን አያስገድድም። አክሱም ላይ በ1957 ዓ.ም. ሰፊው የጽዮን ካቴድራል ሲመረቅ የጥንቱ የጽዮን ቤተ ክርስቲያን በአጠገቡ እንደቆመ ቀርቷል። ቦታ በሌለበት፣ ወይም ሕንፃው ለምእመኑ አደገኛ በሆነበት ቢፈርስ እንኳ ተለክቶና ተነሥቶ ይፍረስ። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ እንዲመዘገብና ያለ ፈቃድ እንዳይጠገን ይደነግጋል። ፎቶው በዲስክ ላይ ይበላሻል ለሚሉ ደግሞ መልሱ ከአንድ በላይ ማድረግ ነው፦ አንድ ቅጂ በደብሩ፣ አንዱ በሀገረ ስብከቱ ወይም በአዲስ አበባ ቤተ መዛግብት፣ አንዱ እዚህ፤ በየጥቂት ዓመቱም ተፈትሾ ወደ አዲስ ማከማቻ ይዛወር።

ስለዚህ በዳላስና በፎርት ወርዝ ያላችሁ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ አባላት፣ የሚቀጥለውን ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት የአሮጌውን ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ፎቶግራፍና ልኬት ጠይቁ። ከሌለ የመጀመሪያውን ወጪ ለእርሱ መድቡ፤ የተሠራውን ቅጂ በእጃችሁ ሳትይዙ ለግንበኛው አትክፈሉ።